ዝዋይ ያልደረስንበት ቀን

ባለቤቴ አውቶቡሷን ሲለካ አልተሳሳተም። ርዝመቷን፣ ወርዷንና ቁመቷን ለካ፤ የግቢያችንንም በር ለካ። ስህተቱ፣ ለክቶ ከጨረሰ በኋላ ጣሪያዋ ላይ የውሃ ታንከር መጫኑ ነው። ይህን ያወቅነው ደግሞ በጉዟችን ጠዋት፣ ሞተሩ ተነሥቶ፣ ጎረቤት ሊሸኘን በር ላይ ተሰብስቦ፣ እኔም ነጠላዬን አስተካክዬ ጋቢና ከተቀመጥኩ በኋላ ነበር። ከላይ "ቋ!" የሚል ድምፅ ተሰማ። ባለቤቴ ፍሬን ረገጠና ወደ እኔ ዞረ።

"ምን ነካሽ?" አለኝ።

"እኔ ምን እነካለሁ? በሩን የነካኸው አንተ!"

ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁ። እኔ አቃቂ ውስጥ ሁለተኛ ክፍል ሳስተምር ኖሬ ጡረታ የወጣሁ ሴት ነኝ። ባለቤቴ የመኪና ቦዲ በያጅ ነው። "ነበር" ማለት ይከብደኛል፤ ዛሬም ላሜራ ሲያይ እጁ አያርፍለትም። ጡረታ በወጣ ሰሞን፣ አንድ ፋብሪካ ሠራተኞቹን ሲያመላልስባት የኖረች አሮጌ ሰርቪስ አውቶቡስ አስጎትቶ አመጣና ግቢያችን ውስጥ ገተራት። ወንበሮቿን ነቃቅሎ አልጋ፣ ጠረጴዛ፣ የጋዝ ምድጃና ቁም ሣጥን ሠራባት። ሁለት ዓመት ሙሉ ሲበይድ፣ ሲሞርድ፣ ሲያጥብ ኖረ። የውጭ ቀለሟን ግን አልነካውም። "እንዲህ ያለ ቀለም ዛሬ የት ይገኛል?" ይላል። የሰፈሩ ሰው "የኖኅ መርከብ" ይላት ነበር፤ ስትንቀሳቀስ ያየ ሰው ስለሌለ።

ይኸው በሽታ ለጓደኞቻችንም ተጋባ። መጀመሪያ የተያዙት ሐጂ ናቸው። ሐጂ ከወሎ መጥተው ሳሪስ የከተሙ፣ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከጅቡቲ ዕቃ በከባድ መኪና ያመላለሱ ሰው ናቸው። መንገድ በቃኝ ብለው በተቀመጡ በዓመታቸው መንገዱ ናፈቃቸውና አንዲት ሚኒባስ ገዝተው ፍራሽና ምንጣፍ አነጠፉባት። ባለቤታቸው የልቤ ወዳጅ ናት። ባሏ አገር ምድሩን ሲዞር እሷ ቤት ሆና ልጆች ያሳደገች ናትና፣ "እስቲ ይሄ አስፋልት ምን እንዳለው እኔም ልየው" ብላ የእኛን ጉዞ ከእኛ ይልቅ ትጠብቀው ነበር።

ሦስተኛዋ የልጅነት ጓደኛዬ ናት። ወረዳ መዝገብ ቤት ስታገለግል ኖራ፣ አሁን ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ብቻዋን ትኖራለች። ያለ ፕሮግራም ውሃ አትጠጣም። እሷ ደግሞ አንድ ዳቦ ቤት ሲዘጋ የዳቦ ማከፋፈያ መኪናውን ገዛችና ውስጡ አልጋና መደርደሪያ አሠራች። እንግዲህ አምስት ሰዎች፣ ሦስት መኪኖች። ሐሳባችን ዝዋይ አድረን፣ ከዚያ ላንጋኖ ወርደን ሳምንት መቆየት ነው። ፕሮግራሙን የጻፈችው እሷ ስለሆነች፣ የመጀመሪያው ቀን ከደቂቃ ጋር ነው የተጻፈው። "አሥራ ሁለት ሰዓት ከአሥር፣ ከአቃቂ መነሣት" ይላል።

አሥራ ሁለት ሰዓት ከአሥር ላይ እኛ በራችን ሥር ተወትፈን ነበር። ባለቤቴ የበሩን የላይኛውን ብረት በግራይንደር ልቁረጠው አለ። እኔ ደግሞ አይሞከርም አልኩ። እዚያው ስንከራከር ሐጂ ከሳሪስ ደረሱ። ከሚኒባሳቸው ወርደው፣ ቆባቸውን ወደ ኋላ ገፋ አድርገው፣ ታንከሩንና ብረቱን አንድ ጊዜ አዩ።

"ሁለት ጣት ነው የሚያግዳት" አሉ። "የጎማውን አየር ቀንሱላት።"

ቀነስንላት። አንድ ጣት ቀረ።

"በሉ ሰው ጫኑባት። ስትከብድ ትወርዳለች።"

ይህን ሲሰማ ሊሸኘን የመጣው ጎረቤት በሙሉ ግር ብሎ ገባ። የዕድራችን ሊቀመንበር ገቡ፤ ሱቋን ከፍታ የመጣችው ባለሱቅ ገባች፤ ከአጠገባችን ያሉት አሮጊት "እኔም እከብዳለሁ" ብለው በሰው ድጋፍ ወጡ። አውቶቡሷ እያቃሰተች ዝቅ፣ ዝቅ አለች። ሐጂ ከፊት ቆመው እጃቸውን እያወዛወዙ፣ "ና፣ ና፣ ና... ቀስ... ና!" አሉ። ብረቱን ለጥቂት ሳትነካ አለፈች። ጭብጨባው ሌላ ነበር።

ችግሩ፣ ከዚያ በኋላ ማንም አልወርድም አለ። አሮጊቷ ፍራሼ ላይ ተቀምጠው እየፈተሹት ነው።

"እስከ አስፋልቱ አድርሱና" አሉ ሊቀመንበሩ። "ሁለት ዓመት ጩኸቷን የሰማነው እኛ ነን። ትንሽ ብንሳፈርባት ምናለበት?"

ስለዚህ ግማሽ ሰፈር ጭነን፣ በተነፈሰ ጎማ እንደ ዳክዬ እየተወላገድን እስከ ጎሚስታው ድረስ ሄድን። ጎማው አየር እየተሞላ ሳለ ኮዬ ፈጬ ያለችው ጓደኛዬ ደወለች።

"በፕሮግራሙ መሠረት አሁን ቂሊንጦን አልፋችኋል።"

"ጎሚስታ ጋ ነን።"

"ጎሚስታ ፕሮግራሙ ላይ የለም" ብላ ዘጋችው።

ጎረቤቶቻችንን በየተራ ስመን፣ ተመርቀን፣ ሐጂን አስከትለን ተነሣን። ቂሊንጦ ጋ ስንደርስ ባለቤቴ የታንከሩ ገመድ ላልቷል ብሎ መንገድ ዳር አቆመ። እሱ ጣሪያ ላይ ወጣ፤ እኔ ከታች ሆኜ ገመዱን አቀብለዋለሁ። ሐጂና ባለቤታቸው ከኋላችን ቆመው የየራሳቸውን ጎማ ያያሉ። ሰዓቱን ማንኛችንም ልብ አላልነውም። የፋብሪካዎቹ የሌሊት ፈረቃ የሚለቀቅበት ሰዓት ነበር። የአስፋልቱ ዳር በሰው ተሞልቷል፤ ሰርቪሱ ይጭናል፣ የሚኒባስ ረዳት ይጣራል። እኛ ደግሞ በዚያ መሐል፣ የሰርቪስ ቀለም ያላት አውቶቡስ ይዘን፣ በሯን ብርግድ አድርገን ከፍተን ቆመናል።

ገመዱ ጠብቆ ወደ ውስጥ ስገባ ሦስት ሴቶች ጠረጴዛዬን ከበው ተቀምጠዋል። አንዷ ጭንቅላቷን መስኮቱ ላይ አስደግፋ ዓይኗን ጨፍናለች። ሌላዋ ምድጃዬን በጥርጣሬ ታየዋለች።

"እናቴ፣ ሰርቪስ ተቀየረ እንዴ?" አለችኝ።

"ሰርቪስ አይደለም ልጄ፣ ቤቴ ነው።"

ጠረጴዛውን አየች፤ ቁም ሣጥኑን አየች፤ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን መጥበሻ አየች። "ውይ በሞትኩት!" ብላ ብድግ ስትል ሌሎቹም ተነሡ። ሌሊቱን ሙሉ ቆመው የሠሩ መሆናቸው ከአነሣሣቸው ያስታውቃል። የት እንደሚወርዱ ጠየቅኳቸው። ኮዬ ፈጬ ነው አሉኝ።

"እኛም ወደዚያው ነን። ቁጭ በሉ።"

ከፔርሙሱ ሻይ ቀዳሁላቸው። ባለቤቴ ደግሞ ደስታው ሌላ ሆነ፤ በያጅነቱን ረስቶ የሰርቪስ ሾፌር ሆኖ አረፈው። ኮዬ ፈጬ ስንገባ "ብሎክ ስንት ጋ ልቁም?" እያለ ጠየቃቸው። ሴቶቹ መርቀውን ወረዱ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ተማሪ ስቆጥር የኖርኩ ነኝና እዚህም ቆጠርኩ። ሦስት ገብተዋል፣ ሦስት ወርደዋል። አልጋችን ከኋላ፣ ከወፍራም መጋረጃ በስተጀርባ ነው ያለው። መጋረጃውን ገልጦ ማየት በሐሳቤም አልመጣ።

ጓደኛዬ ከሕንጻቸው ሥር፣ ወረቀቷን ይዛ፣ መኪናዋ አጠገብ ቆማ ጠበቀችን። የመኪናዋ ጎን ላይ በቀይ ቀለም በትልቁ "ትኩስ ዳቦ" ይላል።

"ይሄን ጽሑፍ አላስጠፋሽውም?" አልኳት።

"ቀለም ቅብ ለሚቀጥለው ወር ነው የተያዘው" አለች። "ሰዓት ግን አይታችኋል?"

ሰልፍ ያዝን። እኛ ከፊት፣ የዳቦ መኪናዋ መሐል፣ ሐጂ ከኋላ። ቱሉ ዲምቱን ስናልፍ ባለቤቴ በክላክስ ሰላምታ ሰጠ፤ ሁለቱም መለሱ። የሚያልፉን ሾፌሮች አንገታቸውን እያወጡ ያዩናል። በመስተዋቱ ወደ ኋላ ሳይ፣ የመዝገብ ቤቷ ጓደኛዬ በሁለት እጇ መሪ ጨብጣ፣ መነጽሯን አፍንጫዋ ላይ አድርጋ፣ ፍጹም ኮስተር ብላ ትነዳለች። እውነቱን ልናገር፣ ደስታ ልቤን ሞላው። በዚህ ዕድሜዬ ቤቴን ይዤ መንገድ ገባሁ አልኩ።

ገላንን አልፈን፣ ወደ ዱከም ስንቃረብ፣ ከኋላችን ቀጭን ድምፅ መጣ።

"ወራጅ አለ!"

ባለቤቴ ሳያስብ ፍሬቻ አሳይቶ ዳር ያዘ። ከቆመ በኋላ ነው ወደ እኔ የዞረው።

"ማነው ወራጅ?"

"እኔ ምን አውቃለሁ!"

መጋረጃው ተከፈተ። ሃያ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው፤ ፀጉሯ በአንድ በኩል ተኝቶ፣ የትራሴ ዳንቴል ጉንጯ ላይ ታትሞ፣ ጫማዋን በእጇ ይዛ የቆመች ሴት ናት። በመስኮቱ ወደ ውጭ አየች። ኮንዶሚኒየም የለም፤ የጤፍ ማሳ ነው።

"ኮዬ አለፈ እንዴ?" አለች።

"ኮዬማ ካለፈ ቆየ" አላት ባለቤቴ።

እኔም ክው አልኩ፤ እሷም ክው አለች። ከእኛ ማን የበለጠ እንደፈራ አላውቅም። "የት ነው የምትወስዱኝ?" አለች። ወዲያው በሩን ከፈትኩላት፣ ማንም እንደማይከለክላት እንድታይ። ከዚያ አስተማሪ መሆኔን፣ ይሄ ቤታችን መሆኑን፣ ወደ ሐይቅ እየሄድን መሆኑን እየተንተባተብኩ ነገርኳት። ለካ ገመዱን ስናጠብቅ ከሁሉ ቀድማ የገባችው እሷ ናት። ሁልጊዜ ከኋላ መቀመጥ ልማዷ ነውና ቀጥ ብላ ወደ ኋላ ሄደች፤ አልጋ አገኘች፤ ተኛች።

"አልጋ ስታዪ ምን አሰብሽ?" አልኳት።

"ድርጅቱ ያሻሻለው መስሎኝ" አለች።

ባለቤቴ መሪው ላይ ተደፍቶ ሳቀ። እሷም መጀመሪያ እንባዋ መጣ፤ ከዚያ ሳቁ አሸነፋት። የሁለቱ መኪና ሰዎችም ወርደው መጡ። ሐጂ ነገሩን ሲሰሙ ጭንቅላታቸውን ያዙ። "የሰው ልጅ ይዘን ሄደን ነው? አስተግፊሩላህ! አዙሩ፣ አሁኑኑ እንመልሳት።"

በዚህ መሐል የልጅቷ ስልክ ጮኸ። አብራት የምትኖረው ልጅ ናት፤ ቀርታባት ተጨንቃለች። ስልኩ ድምፁ ትልቅ ስለሆነ ሁላችንም ሰማን።

"የት ነሽ አንቺ?"

"ተኝቼ ነው... አልጋ ላይ።"

"የማን አልጋ?"

"አላውቃቸውም። ዱከም ነኝ መሰለኝ።"

ስልኩን ከእጇ ነጠቅኳት። ለዚያች ለማላውቃት ልጅ ስሜን፣ ሥራዬን፣ ስንት ዓመት እንዳስተማርኩ፣ የባለቤቴን ጡረታ፣ የሐጂን ሐጂነት ሁሉ ዘረዘርኩላት። እሷም አደመጠችና፣ "እሺ እናቴ፣ መልሰው ይስጧት" አለች። የመጨረሻዎቹን ጥያቄዎች ጓደኛዋን በሹክሹክታ ጠይቃ ነው የተረጋጋችው። ትክክል ናት፤ እኔም ብሆን እንዲሁ አደርግ ነበር።

መዞራችን ነው ብለን ስንመክር፣ ልጅቷ፣ "የትኛው ሐይቅ ነው የምትሄዱት?" አለች።

"ዝዋይ።"

"ቢሾፍቱ ያለው በመንገድ ላይ ነው?" አለች። "ዛሬ እረፍቴ ነው። ከአገሬ ከመጣሁ ሁለት ዓመት ሞላኝ፤ ከፋብሪካውና ከምንኖርበት ቤት በቀር ያየሁት የለም። ቢሾፍቱ ቅርብ ነው፣ ሐይቅ አለ ሲሉ እሰማለሁ።"

የሐጂ ባለቤት እጇን ያዘቻት። "እኔ ሳሪስ ሠላሳ ዓመት ኖሬ አላየሁትም" አለቻት። "ነዪ አብረን እንየው። ምሳችንን በልተሽ፣ ፀሐይ ሳለ እንሸኝሻለን።"

ሁላችንም ወደ ባለ ፕሮግራሟ ዞርን። ዝዋይ ደርሶ ልጅቷን በጊዜ መመለስ አይቻልም። ጓደኛዬ ወረቀቷን ገለጠች፤ ለረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ እስክሪብቶ አውጥታ "ዝዋይ" የሚለውን ሰረዘች፣ "ቢሾፍቱ" ብላ ጻፈች፣ ቀኑንና ሰዓቱን አኖረችበት፣ ፈረመችበት። መዝገብ ቤት የሠራ ሰው እንዲህ ነው።

ልንነሣ ስንል ከዳቦ መኪናዋ ጀርባ ስድስት ሰዎች ተሰልፈዋል። ፌስታል ይዘዋል።

"ዳቦ የለም!" አለች ጓደኛዬ።

ከፊት የቆሙት ሽማግሌ ጽሑፉን በከዘራቸው እያመለከቱ፣ "ትኩስ ዳቦ ይላል እኮ ልጄ" አሏት።

"ይላል፣ ግን የለም።"

"ታዲያ ያ ምንድን ነው?"

በክፍቱ በር ለመንገድ ስንቅ ያስጋገረችው ድፎ ዳቦ በመደርደሪያው ላይ ይታያል። ፊቷ ቀላ፤ ቢላ አነሣች፤ ለሽማግሌው ቆረሰችላቸው። ከእሳቸው ቀጥሎ ያለችው እናት ሕፃን ይዛለች፣ ለእሷም ቆረሰች። የፋብሪካዋ ልጅ ጠጋ ብላ ፌስታል እየያዘች ታቀብላት ጀመር። ስድስቱም ድርሻቸውን ይዘው እየመረቁ ሄዱ። ለእኛ የተረፈን ጠርዙ ነው። ጓደኛዬ ግን ቢሾፍቱ እስክንገባ ድረስ ፊቷ በፈገግታ በርቶ ነበር፤ በመስተዋቱ አይቻታለሁ።

ቢሾፍቱ፣ ከሐይቁ አፋፍ ላይ ሰፊ ግቢ ያላቸው አንድ ደግ ሰው እንድናቆም ፈቀዱልን። ሐይቁ ከታች፣ ከገደሉ ሥር፣ አረንጓዴ ሆኖ ተንጣሏል። የፋብሪካዋ ልጅ ጫፉ ድረስ ሄዳ ቆመች። የሐጂ ባለቤት ግን ወደ ባሏ ዞረች።

"አንተ ሰውዬ፣ ይሄን ነው ሠላሳ ዓመት ያልነገርከኝ? 'ቢሾፍቱ ምን አላት፣ ማለፊያ ናት' ትለኝ አልነበር?"

ሐጂ ቆባቸውን አውልቀው ራሳቸውን አከኩ።

"ወላሂ እኔም ሳየው ዛሬ ገና ነው" አሉ።

"ምን?"

"ከባድ መኪና ይዤ የት እገባለሁ? ከአስፋልቱ አልወጣም። ሻይ የምጠጣበት ቦታ እንኳ ከዋናው መንገድ ዳር ነው።" ሐይቁን እያዩ፣ "ስንት ሐይቅ እንዳለፈኝ እንጃ" አሉ።

ስቀን ስቀን ሳንጨርስ፣ እሳቸው ምንጣፍ ይዘው ወደ አፋፉ ሄዱ፣ አነጠፉላት፣ ባልና ሚስቱ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ሻይ ወሰድኩላቸውና ቶሎ ተመለስኩ። እሷ እየጠቆመች ትጠይቃለች፤ እሳቸውም፣ ያንን ሁሉ አገር የዞሩት ሰው፣ "አላውቅም" እያሉ ይመልሱላታል።

ምሳ ሁላችንም የምንበላውን ሽሮ ሠራሁ። ልጅቷ ካልረዳሁ ብትል እንግዳ ነሽ ብዬ አስቀመጥኳት። እጇ ሥራ መፍታት አልለመደምና ዝም ብላ መቀመጥ አልሆነላትም፤ የመጋረጃዬን ጠርዝ ይዛ አገላበጠችው።

"ይሄን ማነው የሰፋው?" አለች። "የልብስ ፋብሪካችን ተቆጣጣሪ ቢያየው አያሳልፈውም።"

"ባለቤቴ ነው።"

ደነገጠችና አፏን ያዘች። ባለቤቴ ከበሩ ላይ ሆኖ፣ "ስፌት አይደለም፣ ብየዳ ነው" አላት። ከዚያ ክርና መርፌ አመጣላት። ሽሮው እስኪበስል አንዱን ጎን ፈትታ በእጇ ቀጥ አድርጋ ሰፋችው። ሁለተኛው ጎን እንዳለ ነው፤ ዛሬም ለሚያይ ሰው ልዩነቱ ከሩቅ ይታወቃል።

አሥር ሰዓት ላይ ሐጂና ባለቤታቸው መናኸሪያ ድረስ ወስደው፣ ወደ ቃሊቲ የሚሄድ መኪና ውስጥ ከሴቶች አጠገብ አስቀምጠዋት፣ ሾፌሩንም አደራ ብለው ተመለሱ። ስትሄድ ስልክ ቁጥሬን ተቀብላ ሁላችንንም በየተራ ሳመችን። ጓደኛዬን ሁለት ጊዜ ነው የሳመቻት።

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል እኛ አምስታችን ከግቢው ሰው በተዋስናቸው ወንበሮች ላይ ተቀምጠን ነበር። ከቤታችን የራቅነው አንድ ሰዓት የማይሞላ መንገድ ነው። ሰፈራችን ያሉት አሮጊት ጎረቤት ደውለው "የት ደረሳችሁ?" ሲሉኝ፣ "ቢሾፍቱ" ማለት አሳፍሮኝ "በመንገድ ላይ ነን" አልኳቸው። ስልኩን ከመዝጋቴ እንደገና ጠራ።

ልጅቷ ናት። በሰላም ገብታለች። ግን አንድ ችግር አለባት፤ አብረዋት የሚኖሩት ልጆች የነገረቻቸውን አንዱንም አላመኑም።

"አልጋውንም፣ ዳቦውንም፣ ሐይቁንም ፈጠርሽው አሉኝ" አለች እየሳቀች። "ፎቶ ካለዎት ይላኩልኝ እናቴ።"

ጓደኛዬ ቀኑን ሙሉ ፎቶ ስታነሣ ነው የዋለችው። አገላብጠን በስልኳ የግቢው ሰው ያነሡንን መረጥን። ስድስታችን ሐይቁን ወደ ኋላ አድርገን ቆመናል፤ ሐጂ ዓይናቸውን ጨፍነዋል፣ ባለቤቴ ጭልፋ ይዟል፣ ልጅቷ ከመሐል ሆና ጥርሷ ሁሉ ይታያል። ጓደኛዬ መነጽሯን አድርጋ ቁልፉን ተጫነችና፣ መድረሱን እስክታረጋግጥ ድረስ ስልኩን ከእጇ አላስቀመጠችም።